ደሙ እንዲወፍር

(ደሴ፣ የልብስ ሰፊው የይርዳው ሱቅ፣ ጠዋት። ከአራት ወር በፊት የልቡ ቧንቧ ውስጥ ሽቦ የገባለት ይርዳው ከስፌት መኪናው አልነሣም ብሏል፤ ሚስቱ ተዋበች እያለከለከች መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።)

ተዋበች፦ ባጃጁ ደጅ ቆሟል። ተነሥ፣ ሆስፒታል እንሂድ።

ይርዳው፦ አልሄድም አልኩሽ እኮ። ይችን እጅጌ ልጨርስ።

ተዋበች፦ ደረቴን ጨመደደኝ ያልከኝ አንተ አይደለህ? ላብህን እየው እስቲ።

ይርዳው፦ የትናንቱ ሽሮ ነው። ጨጓራዬን ታውቂው የለ።

ተዋበች፦ ጨጓራ ክንድ ድረስ ይወርዳል እንዴ?

ይርዳው፦ ምን ነካሽ ዛሬ? ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል። ደም ማቅጠኛውን ዓመት ሙሉ ሳታቋርጥ ከዋጥክ ሽቦው አይደፈንም አለ። አቋርጫለሁ? በየጠዋቱ ከእጅሽ አይደል የምውጠው? አንቺው ምስክሬ ነሽ።

ተዋበች፦ በእናትህ ይዤሃለሁ። እግርህ ላይ ልውደቅ?

ይርዳው፦ ተይ እንጂ፣ ሰው ያያል።

ተዋበች፦ ይየኝ። መቀሱ ጣትህን የቆረጠህ ቀን ትዝ ይልሃል?

ይርዳው፦ የሙሽራዋን ቀሚስ ያበላሸሁ ቀን። እንዴት እረሳዋለሁ?

ተዋበች፦ ደምህ አልቆም ብሎ ሁለት ፎጣ ነከረ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ አየችህና፣ ደሙን አቅጥነው አቅጥነው ውሃ አደረጉት፣ ሊጨርሱት ነው አለችኝ።

ይርዳው፦ እና?

ተዋበች፦ ስሙስ ደም ማቅጠኛ አይደል? የቀጠነ ደም ሰውን ያቆማል ወይ አልኩ። ፈራሁ፣ ይርዳው። ልታልቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ይርዳው፦ ተዋበች፣ ምን አደረግሽ?

ተዋበች፦ ልጃችን ስታረግዝ ለደም ማነስ የሰጧት ክኒን ተርፎ ነበር። እሱም ቀይ ነው። አንተ ደግሞ ያለ መነጽር አታይም።

ይርዳው፦ ስንት ቀን ሆነው?

ተዋበች፦ ዛሬ አሥራ ሁለተኛው። አሁን ሮጬ ፋርማሲ ጠየቅኩ። ልጅቷ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ደም ማቅጠኛው ደሙ ሽቦው ላይ እንዳይረጋ ነበር እንጂ ደሙን አይጨርስም፣ ቶሎ ሆስፒታል ውሰጂው አለችኝ። ስደበኝ፣ የፈለግከውን በለኝ፣ ብቻ ተነሥ።

ይርዳው፦ ኮቴን አልብሺኝ። ግራ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ተዋበች፦ ምን ብዬ ነው የምናገረው?

ይርዳው፦ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሪው፣ የሚያክመኝ በዚያ ነው። ለልጆቹ ግን፣ እሱ ራሱ ነው መድኃኒቱን ያቆመው በያቸው።