እርሾ የተማረችው እየሩስ

በ፲፱፻፺፭ ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ከፃግብጂ ለጉዳይ ሰቆጣ ገብተው ሳለ፣ መናኸሪያው በር ላይ የእህታቸውን ልጅ እየሩስን ድንገት አገኟት። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ መምጣቷ ነበር። ሰላምታው ሳያልቅ ምን እንደተማረች ጠየቋት።

«ሥነ ሕይወት ነው፣ አጎቴ። የመመረቂያ ጽሑፌ የእርሾ ሕዋስ እንዴት እንደሚከፈል ነው።»

መሪጌታ ደማቸው ፈላ። ዘመዱ ሁሉ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ሲጠብቅ!

«አራት ዓመት ሙሉ እርሾ! አክስትሽን፣ ሚስቴን፣ ጠላ መጥመቅ ማን አስተማራት? እሷ ጡቷ ላይ በወጣ እብጠት ስትሰቃይ አንቺ እርሾ ታያለሽ!»

እየሩስ ክው አለች። «እብጠት? ከመቼ ጀምሮ?»

«ስምንት ወሩ። ጠበል ትጠጣለች። የሰው ዓይን ነው፤ ለሰው እንዳትናገር ብያታለሁ።»

«ስምንት ወር ደበቋት! ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሁን መቆጣት የሚገባኝ እኔ ነኝ። እርሾዋ እንኳ ዝም ብላ አትከፈልም፤ ትእዛዝ ትጠብቃለች። አዛዦቹ ፕሮቲን ካይኔዝ ይባላሉ። በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚባል ቅንጣት እየለጠፉ ‹ጀምሪ› ይሏታል። ዲ ኤን ኤ የሚባለው የዘር ጽሑፏ ሲገለበጥ ከተበላሸ ደግሞ ‹እስኪታረም ቁሚ› የሚሉ አሉ።»

«ይኼ ከሚስቴ ጋር ምን አገናኘው?»

«እነዚያ አዛዦች በእኛም ገላ ውስጥ አሉ! ትእዛዙ ሲበላሽ ሕዋሱ መቆሚያ ያጣል፤ ይባዛል፣ ይባዛል። ካንሰር የሚባለው እንዲህ ነው የሚጀምረው።»

መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። «የእግዚአብሔርን ሥራ ለእርሾ ትሰጪያለሽ?»

«እርሾንስ የፈጠረው ማን ሆነና? ጠበሉን ትጠጣ። ግን ሐኪም ይያት። ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ከሆነም ትድናለች ብዬ አልምልም። ተደብቃ ስትሞት ግን ዝም አልልም!»

ሽማግሌው ብዙ ዘመን ብራና የጻፉ ሰው ናቸው። ቁጣቸው ሳይበርድ፣ «ፊደል የሳተ መጽሐፍ ሲገለበጥ ስህተቱ እንደሚበዛው ነው የምትዪው?» አሉ።

«እንደዚያው ነው። እርስዎ ስህተት ሲያገኙ ምን ያደርጋሉ?»

«እፍቀዋለሁ። ሌላ ሰው ሳይገለብጠው…»

ስምንት ወር ሳይፍቁ የተዉት ስህተት የራሳቸው መሆኑ ገባቸው። እስካሁን በልጅቷ ላይ የነደደው ቁጣ ዞሮ እሳቸውን አቃጠላቸው። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም፤ ወዲያው ፃግብጂ ተመልሰው ሚስታቸውን አመተ ሥላሴን በበቅሎ አስቀምጠው ሰቆጣ ሐኪም ቤት አመጧት።

ካንሰር ነበር። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልካ እብጠቱ ወጣላት። ሐኪሙ ገና እንዳልተሰራጨ፣ ጥቂት ወር ቢዘገይ ግን የሚያደርገው ነገር እንደማይኖር ነገራቸው። ሚስታቸው ድና እቤቷ ገባች።

መሪጌታ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«ሚስቴን ልገድላት ነበር! ዓይን አይደለም፣ በሽታ አይደለም፤ እኔ ነኝ፣ በይሉኝታዬ! እብጠት ያለባት ትናገር። የሚያፍርባት ባል ካለ ወደኔ ይምጣ።»

ከሴቶቹ ወገን ምሕረት የምትባል የልጆች እናት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣ «እኔም አለብኝ» አለች።