ለስልክ ብድግ ያልሁ ዕለት

ክብርት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ክቡራትና ክቡራን የዓሣ መቀበያችን ሠራተኞች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ግብዣ ስላሰናዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ዓሣ ስላላቀረባችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ አመሰግናለሁ። ዕድሜ ልኬን ቅርፊት ሳራግፍ ኖሬ በስንብቴም ቀን ዓሣ ብታቀርቡልኝ ኖሮ፣ ሳልሰናበት በሄድሁ ነበር።

ይህን ንግግር የጻፍሁት እኔው ነኝ። ሀዲስ፣ አትሳቅ! ማን ጻፈለት የሚል ካለ ይምጣና ስርዝ ድልዙን ይይ። እስካቻምና ድረስ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። ዛሬ አውራ ጣቴ ከእኔ ቀድማ ጡረታ ወጥታለች። የማታ ትምህርት መምህሬ ዜማ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ፈጣን ነዎት» ብላኛለች። እርግጥ ነው፣ ያን ቀን ከእኔ በቀር ወደ ክፍል የመጣ ተማሪ አልነበረም።

እንዴት ተቀጠርህ ትሉኛላችሁ። ደልጊ፣ ከሐይቁ ማዶ፣ አዲስ የዓሣ ማቀዝቀዣ ጣቢያ ተከፈተ። ማስታወቂያው እበራችን ላይ ተለጠፈ። ሁላችሁም አልፋችሁት ስትገቡ እኔ ቆሜ አነበብሁት። «ማንበብና መጻፍ የሚችል» ይላል። እስከ ዛሬ ሥራ ያገኘሁት ወይ ሰው ጠርቶኝ፣ ወይ ሰው ለምኖልኝ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ በራሴ ዓይን አንብቤ፣ በራሴ አፍ መልሼ የማገኘው ሥራ አማረኝ። ባለቤቶቹ ግን አዲስ አበባ ናቸው፤ ቃለ መጠይቁ በስልክ ቪዲዮ ነው አሉ።

ልምምዱን ታስታውሳላችሁ? ሀዲስ አለቃ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተንፈላሰሰ።

«ራስዎን ያስተዋውቁን።»

«ምን ነካህ? ትናንት አብረን አልጫንም?»

«ሰውዬ፣ አላውቅዎትም!»

«ጃንጥላዬን ስትወስድማ ታውቀኝ ነበር!»

ቀጥዬ ራሴን ከአያቴ ጀምሬ ማስተዋወቅ ስጀምር፣ ሒሳብ ሠራተኛችን ኡሙሰልማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ጋሽ ወልዴ፣ የሚጠይቁዎትን ብቻ ይመልሱ። አያትዎን ማን ጠየቀዎት?»

«አያቴን ሳያውቁ እኔን እንዴት ያውቁኛል?»

«በሁለት ደቂቃ ይወቁዎት።»

አያቴን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመንገድ አስቀረኋቸው።

ደግሞ ጣናን ከኋላዬ አድርጌ ልቀመጥ አልሁ፤ የአዲስ አበባ ሰው አይቶ ይቅና ብዬ። ኡሙሰልማ ስልኩን ብታሳየኝ ሐይቁ ያበራል፣ እኔ ከሰል ሆኛለሁ። «ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያዙሩ» አለችኝ። ዞርሁ፤ ከሰሉ ሰው ሆነ። ቀጥላ ካሜራው አጠገብ ቀይ ክር ለጠፈችልኝ። «ሲያወሩ የራስዎን ምስል አይዩ፣ ክሩን ይዩ።» እንዲህ ያለ መልከ መልካም ሰው ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ክር ማየት እንዴት ከባድ እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም።

ቀኑ ደረሰ። ወይዘሮ ሸዋዬ ቢሯቸውን ለቀቁልኝ። የበረዶ መፍጫው ዝም አለ። ኔትወርኩ እንዳይጨናነቅ ብላችሁ ሁላችሁም ስልካችሁን አጥፍታችሁ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ። ኡሙሰልማ ስልኳን የጨው ጣሳ ላይ አስደግፋ፣ በሩን ዘግታ ወጣች። ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እኔ። ፊቴን ያን ያህል ጊዜ ብቻውን ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር። ቀልድ የሌለበት ፊት ነው።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ምን ላድርግ? ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጬ እንድቀበል አላደግሁም። «ኖር!» ብዬ ብድግ! ከላይ የሀዲስን ኮት ለብሻለሁ። ከታች ግን ሀዲስ «ከወገብ በታች አይታይም» ስላለኝ የሥራ ሱሪዬንና የላስቲክ ቦት ጫማዬን አላወለቅሁም። ሽማግሌው «በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ፤ ያሉት ግን ለቀበቶዬ ነው። ቀጥሎ አንዲት ወይዘሮ ገቡ፤ ብድግ! ሦስተኛው ገባ፤ ብድግ!

«አቶ ወልደ ጻድቅ» አሉኝ ወይዘሮዋ፣ «ቀበቶዎን በደንብ አይተነዋል፤ ቅርፊትም አለበት። አሁን ፊትዎን ብናይ ደስ ይለናል።»

«ይቅርታ እመቤቴ፣ እናንተ ስትገቡ መቀመጥ ከበደኝ።»

ሳቁ። ግን ድምፅ የለውም! ለካ ሊስቁ ሲሉ ድምፃቸውን ዘግተውታል። ጥርሳቸው ይታያል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቁ የለም። እኔ ሰው አስቄ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው ከመስኮቱ ሥር ኪኪኪ የሚል ነገር ተሰማኝ። የማን ሳቅ እንደነበረ ሀዲስ ያውቃል። ነፍሴ ተመለሰች።

«መብራት ቢጠፋ ማቀዝቀዣውን ምን ያደርጉታል?»

«አልከፍተውም።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ ሰው እንዳይከፍተው በሩ ሥር እቀመጣለሁ።»

ከዚያ አንድ ገጽ ስክሪኑ ላይ አመጡና «ያንብቡልን» አሉኝ። እኔ ደግሞ ፊደሉን በጣቴ ካልተከተልሁት ማንበብ አልችልም። ጣቴን ብሰድድ ገጹ ሸሸ! ስመልሰው ወደ ላይ በረረ። እጄን ከጭኔ ሥር ቀበርኋት። በዓይኔ ብቻ፣ ቀስ እያልሁ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። የማታ ትምህርት ቤቱ ፈተና ያ ነበር፤ አለፍሁ።

መጨረሻ ላይ ወይዘሮዋ «ከውጭ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ።

«አለ። ሁሉም አሉ።»

«ደልጊ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ጀልባ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ሠራተኛ የለም። ይችሉታል?»

«እንዴታ! ብቻዬን መኖር የለመድሁ ሰው ነኝ» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ከመለስኋቸው ሁሉ እርግጠኛ ያልሆንሁበት ይህ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ የለም። ማታ ትምህርት የተመዘገብሁት ፊደል ናፍቆኝ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ከሥራ ወጥቼ የምገባበት ቤት ከብዶኝ ነው። ብቻዬን መኖር የቻልሁት ጧት ስመጣ እናንተን ስለማገኝ ነበር። ይህን ለወይዘሮዋ አልነገርኋቸውም። የሚጠይቁህን ብቻ መልስ ተብዬ የለም?

ታዲያ ለምን ትሄዳለህ? በራሴ ዓይን አንብቤ ያገኘሁት የመጀመሪያ በር እሱ ነው። ካልገባሁበት ፊደሉን ለምን ቆጠርሁት?

እነሆ፣ ተቀበሉኝ፤ የጣቢያው ኃላፊ ሆኛለሁ። የምቆጣው ሰው ግን የለኝም። ስብሰባ ብጠራ እኔው እመጣለሁ፣ እኔው አረፍዳለሁ፣ ራሴን እገሥጻለሁ፣ አኩርፌም እወጣለሁ። ማታ ሲሆን እደውልላችኋለሁ፤ ፊታችሁን እያየሁ አወራለሁ። አደራ፣ ስትስቁ ድምፁን እንዳትዘጉብኝ።

ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ወንበርዎን እንደለቀቁልኝ ፈጣሪ የሰፋ ቦታ ይስጥዎ። ኡሙሰልማ ልጄ፣ ክር የለጠፈች እጅሽ አትዛል። ሀዲስ፣ ኮትህ ተመልሷል፤ ቅርፊቱ መታሰቢያ ይሁንህ። የወጣው ጀልባ ሁሉ በደኅና ይመለስ። ሐይቁ አይንጠፍባችሁ። ከእናንተ ማንም ወደ ባዶ ቤት አይግባ።

አንድ ልመና ብቻ ቀረኝ። አሁን ስወጣ ልትሸኙኝ ብድግ ልትሉ ነው፤ ወጉ ነውና። ዛሬ ግን ይቅርባችሁ። የፊቱ ሲነሣ የኋላው ይጋረዳል፤ ብድግ ያለ ሰው ፊቱ እንደሚጠፋ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ተቀመጡልኝ። ከበሩ ላይ ዘወር ስል ሁላችሁንም ልያችሁ።