አርባ አንድ ዓመት ከካሜራ ኋላ፦ የወይዘሮ ቬርና ክላይኒግ ዜና ሕይወት

በዚህ ሙቀት አዝመራችሁን አቋርጣችሁ ከኒል፣ ከሆርሻምና ከዚያም ማዶ ወደ ዲምቡላ ቤተ ክርስቲያናችን ስለመጣችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናችኋል። ይህን የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ክላይቭ ኖስኬ ነኝ። አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ብሆንም አንዱን ክፍል ግን እሳቸው ራሳቸው አልጋ ላይ ሆነው አጽፈውኛል፤ «እሱን ሳታነብ እንዳታስቀብረኝ» ስላሉኝም አነበዋለሁ።

ወይዘሮ ቬርና ከአባታቸው ከአቶ ኸርበርት ኖስኬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልሲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1940 ከዲምቡላ በስተሰሜን ባለው የስንዴ እርሻችን ላይ ተወለዱ። ትምህርታቸውን አንድ ክፍል ብቻ በነበረው የመንደሩ ትምህርት ቤት ጀምረው እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ እናታችን በመታመማቸው ምክንያት አቋርጠው፣ ጠዋት ላም እያለቡ፣ ቀን ደግሞ በከተማው መድኃኒት ቤት እየሠሩ ቤቱን ደገፉ። በዚያን ጊዜ ሰው ያነሣውን ፊልም ለማሳጠብ የሚያስረክበው ለመድኃኒት ቤት ስለነበረ፣ የአገሩ ሠርግ፣ ጥምቀትና አዲስ ትራክተር ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፍ ነበር፤ የፎቶግራፍ ፍቅርም ያደረባቸው በዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የእህል ጎተራ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ላንስ ክላይኒግ ጋር በዚህችው ቤተ ክርስቲያን በጋብቻ ተሳስረው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አንዲት ልጃቸውን ጃኒንን ወለዱ።

ሥራው የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተማሪዎችን ፎቶ ሊያነሣ ከሜልበርን ይመጣ የነበረው ሰው መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶበት ሲቀር፣ ልጆቹ ካልሲያቸውን ስበው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው ተሰልፈው ቀሩ። ርእሰ መምህሩም ወደ መድኃኒት ቤቱ እየሮጡ መጥተው፣ «ቬርና፣ አንቺ ካሜራ አለሽ አይደል? በይ ነይ ድረሽልን፣ ሳይቆሽሹ!» አሏቸው። ወይዘሮ ቬርናም ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ሄደው ሰማንያ ሁለት ልጆች አንሥተው ተመለሱ። በዓመቱ አምስት ትምህርት ቤቶች ጠሯቸው፤ አቶ ላንስም የጎተራውን ሥራ ትተው የመኪናውና ልጆቹ ለፎቶ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ኃላፊ ሆኑ፤ ሥራውም በሃያ ዓመት ውስጥ ከሙሬይ ወንዝ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ድረስ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶችን የሚያዳርስ፣ አሥራ አራት ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ሆነ።

ከውጭ ለሚያየው ያማረ ሥራ ነው። እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስለሠራሁ፣ በፌብሩዋሪ ሙቀት በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ዝንብ እያባረሩ በቀን ሦስት መቶ ልጅ ማንሣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንዱ ያለቅሳል፤ አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አንዱ ከወንድሙ ጋር አልቀመጥም ይላል። እሳቸው ግን ለሦስት መቶኛው ልጅም ልክ እንደ መጀመሪያው ጎንበስ ብለው፣ «ዛሬ ካልሲውን ያልቀየረው ማነው? መምህሩ እንዳይሆኑ ብቻ!» ይሉና፣ ልጁ ሲስቅ የካሜራውን ቁልፍ ይጫኑታል። ያችን ቀልድ በሃያ ስድስቱ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እግዚአብሔር ይወቀው። ማታ ቤት ሲገቡ ከጉንጫቸው ጀምሮ ሁሉ ነገራቸው ይዝል ስለነበር፣ ለገዛ ልጃቸው የሚተርፍ ፈገግታ አልነበራቸውም። ጃኒን በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ «እማዬ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ሲስቅልሽ ስታዪ ትውያለሽ፤ እኔ ስስቅ ግን አይተሽኝ አታውቂም» ብላቸዋለች።

እንዳነበው ያዘዙኝ ክፍል፣ እኔ በራሴ አነጋገር እንዳሰፈርኩት፣ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የሰባት ዓመት ልጅ የነበረችውን ሊኔት ታሊን ወይዘሮ ቬርና ለብቻዋም ከክፍል ጓደኞቿ ጋርም አነሷት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስለነበረ እናቷ ወይዘሮ ሞሪን፣ «በሚቀጥለው ዓመት ጥርሷ ሲበቅል እንገዛለን» ብለው አይተው እንዲገዙት የተላከላቸውን የብቻዋን ፎቶ መለሱት። እኛም የተመለሰውን ፎቶ እንደ ልማዳችን ቆራርጠን ጣልነው። ወይዘሮ ቬርና ደግሞ በየዓመቱ መጨረሻ ቦታ እንዳይዝባቸው እያሉ፣ የዓመቱን ፊልም በጆንያ ሞልተው ከአሮጌ ፊልም የብር ማዕድን ለሚያወጣ ነጋዴ ይሸጡ ነበር፤ በዚያም ዓመት ሸጡት። በጃንዋሪ ሊኔት በእርሻቸው ኩሬ ውስጥ ሰጥማ ሞተች።

በወሩ ወይዘሮ ሞሪን ወደ ፎቶ ቤቱ መጥተው፣ «የመለስኩት ፎቶ ነበር፤ አሁን ልውሰደው» አሉ። ሌላ ለብቻዋ የተነሣችው ፎቶ አልነበራቸውም። ወይዘሮ ቬርናም እውነቱን ለመናገር አፋቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ «ፊልሙ ሲታጠብ ውሃ አበላሸው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብለው ዋሹ። ከዚያም ከክፍሉ ፎቶ ላይ ጥፍር የምታክለውን ፊቷን ለማጉላት ዘጠኝ ቀን ደከሙ፤ ልጅቷ ግን ጎኗ ላለችው ጓደኛዋ ልትስቅ ዞር ስላለች የወጣው ጉንጯና አንድ ጆሮዋ ነበር። እናቷ ፎቶውን ተቀብለው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ሥራ አለዎት? እቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ፀጉር ማበጠር እችላለሁ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ወይዘሮ ሞሪን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእሳቸው ጋር ሠሩ። በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ማበጠሪያቸውን ይዘው ቆመው የሰውን ልጆች ፀጉር ሲያስተካክሉ፣ ወይዘሮ ቬርና ከካሜራው ኋላ ሆነው ያዩአቸው ነበር። ከዚያ ዓመት በኋላ አንድም ፊልም አልሸጡም፤ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ በኋላም የእኔ ጎተራ በካርቶን ሞላ። አቶ ላንስ፣ «እኛስ የት እንተኛ?» ቢሉም አልሰሟቸውም። ያደከማቸው ሥራው ብቻ ሳይሆን ያች አንዲት ውሸትም እንደነበረች ያወቅሁት አሁን ሲያጽፉኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ወይዘሮ ሞሪን በጡረታ ሊሰናበቱ በመጨረሻው የሥራ ቀናቸው፣ ኒል ውስጥ ካለ ትምህርት ቤት ግቢ ዕቃ እየጫኑ ሳለ፣ ወይዘሮ ቬርና አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ «ሞሪን፣ የሊኔትን ፊልም ውሃ አላበላሸውም። እኔ ነኝ የሸጥኩት» አሉ።

ወይዘሮ ሞሪን ማበጠሪያዎቹን መጥረጋቸውን ሳያቆሙ፣ «አውቃለሁ። በገባሁበት ዓመት ነጋዴው መጥቶ፣ ‹ዘንድሮ የለም እንዴ? አምና ሁለት ጆንያ ሰጥተውኝ ነበር› ሲለኝ ገባኝ» አሏቸው።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ራሷ ስትነግረኝ ጥያት እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ ይኸው ዕድሜዬን ጨረስኩ። አንቺ ሴትዮ፣ ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ ወገቤ ይተርፍ ነበር!»

ወይዘሮ ቬርና ያጻፉኝ የመጨረሻ ቃል፣ «ከዚያ አግዳሚውን ግራና ቀኝ ይዘን መኪናው ላይ ጫንነው» የሚል ነው። ወይዘሮ ሞሪን ዛሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ይነበብ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አንብበው፣ ግን አታንዛዛው» ብለውኛል።

ወይዘሮ ቬርና እ.ኤ.አ. በ2005 ድርጅቱን አስረክበው፣ ካርቶኖቹን ለየትምህርት ቤቱ ሲያከፋፍሉ ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። አቶ ላንስ በ2011 ካረፉ በኋላ ለብቻቸው ኖሩ። የዛሬ ሁለት ዓመት የልብ ድካም እንዳለባቸው ሐኪም ሲነግራቸው፣ «እሱንማ እኔም አውቀው ነበር» አሉት። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ወደ አደሌድ ሄዳ ለገና ብቻ ትመጣ የነበረችው ጃኒን ሥራዋን ትታ መጥታ አሥራ አራት ወር አስታመመቻቸው። በእነዚያ ወራት እናትና ልጅ ምን እንደተባባሉ የእነሱ ነው፤ እኔ የማውቀው ከሰዓት በኋላ ስመጣ አንዳንዴ ሳቃቸው ከመንገዱ ይሰማኝ እንደነበረ ነው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ ልጃቸው ፀጉራቸውን እያበጠረችላቸው አረፉ።

ከኋላቸው ልጃቸውን ጃኒንን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ብሪዮኒንና ኢዋንን፣ ወንድማቸውን እኔንና ወዳጃቸውን ወይዘሮ ሞሪን ታሊን ትተዋል።

ጌታ ሆይ፣ ይህች አገልጋይህ አርባ አንድ ዓመት ቆማ ሌላውን ስታስቀምጥ የኖረች ናት። እጅግ ደክሟታልና አሁን አንተ አጠገብህ ወንበር ስጣት፤ ሊኔትንም ከነወለቁ ጥርሶቿ ፊት ለፊት አሳያት። አሜን።