የወይዘሮ ዱቄት እጮኛ

(በሰሜን እንግሊዝ በአንዲት ትንሽ ከተማ ቲያትር ቤት፤ ፈረንጆቹ በገናቸው ሰሞን «ፓንቶ» እያሉ የሚያሳዩት የሣቅ ጨዋታ ለእረፍት ቆሟል፤ አብሮ የመጣው የእድር ሰው ሁሉ ሻይ ፍለጋ ሲወጣ፣ ሊቀመንበሩ ይርዳው ከፊት ረድፍ፣ የሚስቱ ታላቅ ወንድም አያ ጓንጉል ደግሞ ልክ ከኋላው ቀርተዋል።)

ጓንጉል፦ ተነሣ አልኩህ! ወንበሩን ልቀቅልኝና እኔ ልዋረድልህ።

ይርዳው፦ ምን ሆነሃል አያ ጓንጉል? የራስህ ወንበር አለህ አይደል እንዴ?

ጓንጉል፦ የኔ ወንበር ምን ያሳያል? ያንተን ማጅራት ነው። እኔ ለራሴ ብዬ መሰለህ? ስለ ክብርህ ነው። የእድር ሊቀመንበር ጭን ላይ ጢሟ የሚታይ ሴትዮ ተቀመጠች ሲባል ደስ ይላል?

ይርዳው፦ ሴትዮ አይደለችም፣ ሰውዬ ነው።

ጓንጉል፦ ይባስ!

ይርዳው፦ ልማዳቸው ነው እኮ። አንዱ ወንድ ቀሚስ ይለብስና «ወይዘሮ ዱቄት ነኝ፣ ባሌ የሞተብኝ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ» ይላል። ከዚያ ከተመልካቹ አንዱን ይመርጥና እስከ መጨረሻው «እጮኛዬ» እያለ ይጫወትበታል። ዛሬ ዕጣው በኔ ወጣ። አለቀ።

ጓንጉል፦ ዕጣ! ዕጣ ሲወጣ አላየሁም። ዝም ብላ መጥታ ዘፍ ነው ያለችብህ።

ይርዳው፦ ታዲያ ልገፍትራት?

ጓንጉል፦ አትገፈትራትም። ብድግ ትላለህ፣ እኔ እቀመጣለሁ። ስትመጣ እኔን ታገኛለች። እኔ እንደሆንኩ ሊቀመንበር አይደለሁ፣ ማይክ አልይዝ። ቢያሾፉብኝ ምን ይጎድልብኛል? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።

ይርዳው፦ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ያዘንክልኝ? ባለፈው መኪናዬ በረዶ ላይ ስትቆም በመስኮት እያየኸኝ መጋረጃውን የዘጋህ ሰው አይደለህም?

ጓንጉል፦ ያኔ የሚያይህ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ከተማው ሁሉ ያያል። ደግሞ ጨዋታ ትለዋለህ! ወንድ ነኝ የሚለው ጎረምሳ ሴት ልጅ፣ ሴት ነኝ የምትለው ጢማም፣ ላሟ ደግሞ ሁለት ሰው! የኋላ እግሯን የሆነው ሰውዬ እናት ልጄ ቲያትር ይሠራል ብላ ታወራ ይሆናል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ይርዳው፦ ስትስቅ ግን አይቼሃለሁ።

ጓንጉል፦ ሳል ነው።

ይርዳው፦ እኔስ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በሁለተኛው ክፍል መድረክ ላይ አውጥቼ አገባዋለሁ ብላለች። ሰምተሃል?

ጓንጉል፦ እንግሊዝኛው ባይገባኝ ጣቷ ይገባኛል። አንዴ ወዳንተ፣ አንዴ ወደ ቀለበቷ ስታሳይ አልነበረም? በገና ጾም ሠርግ! አባ ምን ይላሉ?

ይርዳው፦ አባማ እላይ ሰገነት ላይ ናቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ጓንጉል፦ ስለ ኃጢአትህ አልቅሰው ነዋ!

ይርዳው፦ ስቀው ነው።

ጓንጉል፦ ዛሬ ይስቃሉ፣ እሑድ ያስተምሩብሃል። እህቴስ? በእህቴ ላይ ልትደርብባት ነው? ያውም ዳቦ ጋጋሪ?

ይርዳው፦ እህትህማ እየሳቀች በስልኳ ስትቀርጸኝ ነበር።

ጓንጉል፦ በቃ፣ ሄደልሃል! ዛሬውኑ ደሴ ይደርሳል። እናትህ በሕይወት አሉ አይደል?

ይርዳው፦ ኧረ እሳቸውን አታንሣብኝ።

ጓንጉል፦ በዚያ ደካማ ዓይናቸው ስልክ አስጠግተው ያያሉ። «ልጄ ጭን ላይ ያለችው ማነች?» ይላሉ። ማን ሊያስረዳቸው ነው?

ይርዳው፦ ኤጭ! እውነትህን ነው መሰለኝ። እሺ፣ እስቲ እንቀያየር... ቆይ፣ ቆይ። አንገትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ጓንጉል፦ የቱ?

ይርዳው፦ ክራባት ነው እንዴ? ስንገባ ክራባት አልነበረህም።

ጓንጉል፦ በርዶኝ ነው።

ይርዳው፦ ለብርድ ክራባት! ጸጉርህንስ ማን አራሰው?

ጓንጉል፦ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧው ረጨኝ።

ይርዳው፦ ረጭቶ አበጠረህ?

ጓንጉል፦ አንተ ደግሞ ነገር ትሰነጥቃለህ።

ይርዳው፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ! አያ ጓንጉል፣ አንተ ልትመረጥ ፈልገህ ነው!

ጓንጉል፦ እኔ? በዚህ ሽበት? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል እንጂ እኔ ምን ጨንቆኝ?

ይርዳው፦ ካልጨነቀህ መልካም። እኔው በተቀመጥኩበት ልዋረድ። አርፈህ ወደ ኋላ ተደገፍ።

ጓንጉል፦ እሺ፣ ተደገፍኩ።

ይርዳው፦ ከረሜላ ብላ። ቅድም ከመድረክ የወረወሩት ነው። ወተት አለው መሰለኝ ግን፣ የፍስክ ነው፤ ተወው።

ጓንጉል፦ ይርዳው።

ይርዳው፦ አቤት።

ጓንጉል፦ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነበር።

ይርዳው፦ ማን?

ጓንጉል፦ ወይዘሮ ዱቄት። ከደረጃው ወርዳ ወደዚህ ስትመጣ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኔም አልሸሸሁም፤ ኮቴን ሰብሰብ አድርጌ ጭኔን አመቻቸሁላት። ከዚያ ዓይኗ አለፈኝ። ያቺን ማለፍ አውቃታለሁ ይርዳው። እኔና እሷ አብረን ነው ያደግነው። ተማሪ ሳለሁ ኳስ ለመጫወት ሲከፋፈሉ ሁሉም ተመርጦ እኔ ስቀር፣ «እሱንም እናንተው ውሰዱት» ብለው ሲመርቁኝ ነበረች። እናንተ ስትጋቡ፣ በገዛ እህቴ ሠርግ ፎቶ ሲነሣ፣ «አንተ ሰውዬ ብርሃኑን ከለልከው፣ ወዲያ በል» ስባል ነበረች። እስከ ዛሬ በአልበማችሁ ውስጥ ያለሁት በክርኔ ነው። ክርኔ ብቻ!

ይርዳው፦ ያ ክርን ያንተ ነው?

ጓንጉል፦ የማን መስሎህ ነበር?

ይርዳው፦ እኛማ የአስተናጋጁ ነው ስንል...

ጓንጉል፦ ይኸው!

ይርዳው፦ አትቀየመኝ እንጂ። የእድር ሊቀመንበር ስንመርጥስ ጠቁመንህ አልነበረም?

ጓንጉል፦ ጠቁማችሁኛል። ለኔ እጁን ያወጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም መስኮት ይከፈትልኝ ሊል ኖሯል።

ይርዳው፦ ይቅር በለኝ፣ መሳቅ አልነበረብኝም።

ጓንጉል፦ ሳቅ፣ ሳቅ። ለመሳቂያማ አንድ ቀን እንኳ ተመርጬ ባየሁ! እኔ የምፈልገው ይኸው ነው። አንድ ሰው ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጣቱን ዘርግቶ «አንተ!» ይበለኝ። ጢም ያለው ቀሚስ ለባሽም ቢሆን ይሁን።

ይርዳው፦ ልቤን ነካኸው። ግን እኔም የማልደብቅህ ነገር አለ።

ጓንጉል፦ ምን?

ይርዳው፦ አልጠላሁትም። መሥሪያ ቤት ስሜ ከብዷቸው «ያርዳ» ነው የሚሉኝ፤ ላርማቸው ብዬ ላርማቸው ብዬ እኔም ለምጄዋለሁ። ዛሬ ያቺ ጉደኛ ተነሥታ አዳራሽ ሙሉ ሕፃን «ይር-ዳው! ይር-ዳው!» እያሰኘች አስጠናችልኝ። የሆነ ቦታዬን ሞቅ አለኝ።

ጓንጉል፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። አንተ እኮ በላህ! እድሩን በላህ፣ ማይኩን በላህ፣ ሙሉ አንድ ክፍል እጮኛ ሆነህ በላህ። ደግሞ የፊቱን ወንበር እኔ ጠይቄ «ለሊቀመንበሩ ተይዟል» ተብያለሁ። አሁንስ አትጠግብም?

ይርዳው፦ ኡፍ! በቃ፣ ና። እኔ ወዳንተ ልዙር። ግን ይህን ያሰረችልኝን የወረቀት ዘውድ አድርገው፤ በሱ ነው የምታውቀኝ።

ጓንጉል፦ ወዲህ በለው። ጠበበኝ።

ይርዳው፦ ከአሁኑ ራስህ አብጦ ነው። ቀስ! እየቀደድከው ነው።

ጓንጉል፦ ተቀደደ። ግድ የለም፣ በእጄ ደግፌ እይዘዋለሁ።

ይርዳው፦ ዝም በል፣ መብራቱ ጠፋ። ሰውም ተመልሷል። ይኸው ባለ ጥቁር ካባው ከነአረንጓዴ መብራቱ መጣ፣ ክፉው ሰውዬ።

ጓንጉል፦ ይህ ሰውዬ ግን ምን አድርጓቸው ነው ብቅ ባለ ቁጥር የሚጮሁበት?

ይርዳው፦ የሴትዮዋን ዳቦ ቤት ሊቀማት ነዋ። እሱ ሲወጣ «ቡ!» ማለት ደንብ ነው። ልጅም ሽማግሌም ይላል። ወደድክም ጠላህም... መጣች! መጣች!

ጓንጉል፦ የታለች?

ይርዳው፦ ያቻት! ቀሚሷን ኬክ አስመስላዋለች፣ ሻማ ሁሉ ተሰክቶበታል። «እጮኛዬ የት አለ?» እያለች ነው።

ጓንጉል፦ እዚህ ነኝ! በላት!

ይርዳው፦ ወደ ደረጃው ወረደች። አየችህ። ግራ ገባት አያ ጓንጉል። ዘውዱ የሱ ነው፣ ፊቱ ግን የሱ አይደለም እያለች ልጆቹን ትጠይቃለች።

ጓንጉል፦ ልጆቹ ምን አሉ?

ይርዳው፦ «ከኋላው ነው! ከኋላው ነው!» ይላሉ። እኔን እየጠቆሙ።

ጓንጉል፦ ጎንበስ በላ! ወንበር ስር ግባ!

ይርዳው፦ በዚህ ወገቤ? ኧረ ስማ፣ ከላይ የሚጮኸው ወፍራም ድምፅ የማን ነው? አባ ናቸው! አባም «ከኋላው ነው!» እያሉ ነው!

ጓንጉል፦ አባም ካዱኝ? እንግዲያውስ... ነኝ! እኔ ነኝ!

ይርዳው፦ በአማርኛ እኮ ነው የጮህከው።

ጓንጉል፦ ይገባቸዋል። ምን አሉ?

ይርዳው፦ «ኧረ አይደለህም!» አሉህ። አዳራሹ በሙሉ።

ጓንጉል፦ ኧረ ነኝ!

ይርዳው፦ «ኧረ አይደለህም!»

ጓንጉል፦ ይርዳው...

ይርዳው፦ ምነው? ምን ሆንክ? ልብህን ነው?

ጓንጉል፦ መለሱልኝ።

ይርዳው፦ የጨዋታው ደንብ ነው እኮ። አንዱ «ነው» ሲል ሌላው «አይደለም» ይላል።

ጓንጉል፦ ደንብ ይሁን አይሁን ምን ቸገረኝ? እድር ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ እጄ ደንዝዞ ራሱ ይወርዳል እንጂ፣ አንድ ሰው «እሺ ጓንጉል» ብሎኝ አያውቅም። እዚህ አንዲት ቃል ሳወጣ ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ አፍ ይመልስልኛል። እየው ልድገመውና። ነኝ!

ይርዳው፦ ጆሮዬን! ሰማሁ፣ ሰማሁ።

ጓንጉል፦ ነኝ!

ይርዳው፦ ተው ጣሪያው ይወርድብናል! ሴትዮዋ ወደኔ እጇን ዘርግታለች። እኔን ለይታኛለች። ልውጣላት እንዴ?

ጓንጉል፦ ውጣ፣ ማን ያዘህ? ደጋግመህ አግባት። እኔ ሥራ ይዣለሁ። ኧረ ነኝ!

ይርዳው፦ አያ ጓንጉል፣ ባለ ካባው ከመድረክ ወርዶ ወዳንተ እየመጣ ነው!

ጓንጉል፦ ሊያስወጣኝ ነው?

ይርዳው፦ አይደለም። ትከሻህን አቅፎ ለሕዝቡ... «የጠፋው ወንድሜ ይኸው!» እያለ ነው። «እኔ ብቻዬን ክፉ መስዬአችሁ ነበር?» እያለ ነው።

ጓንጉል፦ ወንድም የለኝም፣ እህት ብቻ ነው ያለችኝ በለው። አይ፣ ተወው። አትንገረው።

ይርዳው፦ ካባውን አውልቆ እያለበሰህ ነው! ኧረ ተመለስ፣ ወዴት ነው? ደረጃ ላይ ወጣህ እኮ!

ጓንጉል፦ እጄን ይዞኝ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ይሞቃል ለካ።

ይርዳው፦ ከዚያ ሆነህ አታይም እንጂ፣ እሱን ትተው ባንተ ላይ ነው «ቡ!» የሚሉት። ሕፃናቱ ወንበር ላይ ቆመዋል። እህትህም ከሰገነቱ ተንጠልጥላ «ቡ!» እያለችህ ነው!

ጓንጉል፦ ጮክ ብላ ነው?

ይርዳው፦ ከሁሉም በላይ!

ጓንጉል፦ እሰይ! ደርባባዋ እህቴ! ነኝ! ኧረ ነኝ!

ይርዳው፦ ወይዘሮ ዱቄት እንኳ እጇን እንደዘረጋች እኔን ረስታ አንተን ታያለች። ስማኝ፣ ቀልዱ ያልገባቸው ሕፃናት ማልቀስ ጀምረዋል። ውረድ በሞቴ! አዳራሽ ሙሉ ሰው ጠላህ እኮ!

ጓንጉል፦ ይጥላኝ እንጂ! እስከ ዛሬስ ማን አይቶኝ ጠላኝ?