አራት ሰው፣ አንድ አጥር

አስገደቴ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ፣ ጥላ አለው። ሐሙስ ከሰዓት ባይኖር እኛ የሰው ቤት ሠራተኞች እዚህ ሮም ምን ይውጠን ነበር? አሠሪሽ ሲኞራ ደህና ናት? የኔዋ ዛሬም መስኮቱን ሁሉ ሳታስወለውለኝ አልለቀቀችኝም...

ኧረ ድምፄን አልቀንስም! ክፉ የማወራ መሰለሽ? ማመስገን ነው የያዝኩት። እዚያ ማዶ አግዳሚ ላይ ጋዜጣ የያዘ ሰው ቢሰማስ ምን ቸገረኝ?

እንደሱ እኛን እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ጽድቅ ያንሰዋል ትያለሽ? ያውም የመጽሐፉን ሳይሆን አሜሪካኖቹ እርስ በርስ የሚያወሩትን። ቃሉ፣ ፍቺው፣ ከሥሩ ምሳሌ... «ስፕሊት፦ ሹልክ ብሎ ማምለጥ። ምሳሌ፦ ፖሊሶቹ ሲመጡ የጓሮውን አጥር ዘልዬ ስፕሊት አልኩ።» የእጅ ጽሑፉ ማማሩ! እኛም እንደ ዳዊት ደገምነው።

አሎራ፣ እንግዲህ ለአሜሪካ የስደተኛ ቪዛ ቃለ መጠይቅ አራት ተማሪዎቹ በየተራ ገባን፤ አራታችንም ያንኑ አጥር ዘለልን። ልዕልቲ እንኳ፣ አገር ቤት አራተኛ ፎቅ ትኖር የነበረችው! ጠያቂው ብዕሩን አስቀምጦ «ይህ አጥር የት ነው ያለው?» አለኝ። አራታችንም ተከለከልን። ጥፋቱ የማን ነው? የኛ ነዋ! ምሳሌ ይሸመደዳል?

እኔማ የራሴን ላወራ ነበር፤ ቀበሌ ስምንት ወር መታሰሬን፣ ወንድሜን ከአጠገቤ ጠርተው መውሰዳቸውን። እንዲያርምልኝ ጽፌ ለመምህራችን ብሰጠው፣ «ሙሉመቤት፣ ይሄ ያረጀ እንግሊዝኛ ነው፤ አጥሩን በይ» ተባልኩ። ወረቀቱም እዚያው እሱ ጋ ቀረ... እርማቱ በዝቶ ይሆናላ።

ከዚያ መምህራችን ራሱ ለቃለ መጠይቁ ገባ። በእንግሊዝኛ እንዳይመስልሽ! በአስተርጓሚ፣ በጥሩ አማርኛ። ቀበሌ ስምንት ወር ታሰርኩ፣ ወንድሜንም ከአጠገቤ ወሰዱብኝ ብሎ አለቀሰ አሉ። አብዮቱ ሳይፈነዳ እዚህ ለትምህርት የመጣ ሰው... ሮም ተቀምጦ አዲስ አበባ መታሰር ለማን ተሰጥቶ ያውቃል? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ከሰው መሶብ ሲሆን ደግሞ እጅ ይረዝማል መሰለኝ።

ቅር ብሎኝ አይደለም። ለወንድሜ እኛ እንዳናለቅስ ተከልክለን ነው የቀረነው። ያለቀሰለት ሰው ከተገኘ... ውለታ አይደል?

ሰኞ ወደ አሜሪካ ይበራል። ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ሳልመርቀው አይሄድም። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። እዚያ ቢሮ በመሐላ የተናገረውንም ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል፣ እግዜር እውነት ያድርግለት።

አሜን በይ እንጂ፣ አስገደቴ!