ባለ ሰማያዊ ሸራው ሎሪ

ነይ ናስራ፣ ተቀመጪ! ሻይሽን እኔ አዝዣለሁ፤ ስኳር አብዝቼ። ዛሬ ደግሞ ንፋሱ ምንድነው እንዲህ? ሞያሌን ጠራርጎ ታች ጎልቦ ሜዳ ሊያደርሳት ነው እኮ... በነገራችን ላይ፣ እስቲ ስለ አንድ ደግ ሰው ላጫውትሽ። ስሙን አልጠራም፤ ትሑት ስለሆነ መመስገን አይወድም።

የክሊኒኩንና የገበያውን ቆሻሻ በሎሪ የሚጭን ሰው ነው። የካውንቲው አስተዳደር "ሸራ ሳታለብስ ቆሻሻ አትጭንም" ብሎ ደንብ አወጣ አይደል? እሱ መቼ ወደኋላ ሊል! ፍተሻ ዕለት አዲስ ሰማያዊ ሸራ አልብሶ መጣ። ገመዱን ሲያስር ብታዪው፣ ሙሽራ የሚያስጌጥ ነው የሚመስለው። የካውንቲው ዘበኞች፣ አስካሪዎቹ ሳይቀሩ ሳቁለት፤ ፈቃዱንም ሰጡት።

በሳምንቱ ልጁን ዳረ። ዳሱ በምን ተሠራ መሰለሽ? በዚያው ሸራ! የሠርጉን ሩዝ፣ ፒላውን እዚያ ስር ነው የበላሁት፤ ዋላሂ አልተጸየፍኩም። ምን ብዬ? ሸራው እኮ ቆሻሻ ነክቶት አያውቅም!

እስከ ዛሬም ግቢው ውስጥ ጥላ ሆኖ ተወጥሯል። ሎሪው ምስኪን ራቁቱን ይሄዳል... ለነገሩ ሙቀት ነው። ደግሞስ ብቻውን መች በላ? ቆሻሻውን ጭኖ ወደ ሶሎሎ በሚወስደው መንገድ ሲሄድ ለእሾኩ ሁሉ ፌስታል ያለብሳል፤ ለፍየሎቼ የሐኪም ጓንት ይበትናል። ያቺ የምወዳት ቡላዋ ፍየሌ ሞተች፤ ሆዷ ሲከፈት ጓንት በጓንት። ሐኪም ልትሆን ነበር መሰለኝ... አትሳቂ! አንጀቴ ነው ያረረው። የቀሩትም እዚያው መንገድ ዳር ነው የሚግጡት፤ ልጆቼ የሚጠጡት ደግሞ የነሱን ወተት ነው።

ድምፄ በዛ እንዴ? ይቅርታ፤ ያ ጀርባውን የሰጠን ሰውዬ ሻይ ትን እንዳይለው ብዬ ነው።

ነገ ፈቃዱ ይታደሳል አሉ። ዛሬ ጠዋት ሸራውን ከግቢው አውርዶ በሳሙና ሲያጥበው አየሁት። ንጽሕና የሚወድ ሰው! ተቆጣጣሪው ጎረቤት ይጠይቃል አይደል? እኔ አለሁለት... ሠርጉንም፣ ዳሱንም፣ ፒላውንም አንድ ሳላስቀር ነው የማመሰግንለት። ውለታ እበላለሁ እንዴ?

በይ ዱዓ እናድርግለት። አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት። ቤቱን እዚያው ሎሪውን የሚያራግፍበት ሜዳ ላይ ያድርግለት፤ መስኮቱን ሰፊ፣ ንፋሱን ወደ ደጁ። የልጅ ልጆቹን ሰብስቦ እዚያ ያሳድግ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከእጁ ሥራ አይለየው።

አሚን በይ እንጂ ናስራ! ጮክ ብለሽ።