ራሰ ጥቁሯ ወፍ

በደርግ ጊዜ፣ ወጣት ለጦርነት በሚታፈስበት ሰሞን፣ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በምትመለስ ጀልባ የሰው ጉልበት የራሴ እስኪመስለኝ ተጠቅጥቄ ሳለሁ፣ ከኋላዬ እኅትና ወንድም ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«እታለም፣ ልጅሽ ከጫካው አፏጨ አይደል? ሰማሁት እኮ።»

«ወፏ ናት።»

«የወፍ ሊቅ መቼ ሆንሽ? ከአፈሳ ሲሸሽ፣ ስትጠሪኝ በወፏ ድምፅ እመልስልሻለሁ አላለሽም?»

«ብሏል። ሦስት እሑድ ጎብኚ መስዬ ስመጣ መልሶልኛል።»

«ታዲያ የዛሬው?»

«ቅርንጫፍ ላይ አየኋት፤ ቢጫ፣ ራሷ ጥቁር።»

«እሱም ከሥር አፏጭቶ ይሆናል።»

«ልጄ ዜማዋን ሲያፏጭ መጨረሻው ላይ ዘወትር ይሰናከላል። ይቺ ሳትሰናከል ጨረሰችው።»

«በሚመጣው እሑድ እንመለሳለን።»

«ያመጣሁለት ዳቦ እስከዚያ ይሻግታል።»

በወሬ ጣናን ያደርቃል የምባለው ሰውዬ፣ ባሕር ዳር እስክንደርስ ዞሬ እንኳ አላየኋቸውም።